አቡነ ዮሴፍን ለመውጣት፦ ከገብስ ማሳ እስከ ቀይ ቀበሮ መስክ

ላሊበላ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞ፣ ማር ገዝቶ ይመለሳል። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ከከተማው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ግን አቡነ ዮሴፍ አለ። ከፍታው ከ4200 ሜትር በላይ ነው። ከአገራችን ረጃጅም ተራሮች አንዱ ነው። እላዩ ላይ ገበሬ ያርሳል፣ ጭላዳ ይግጣል፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል። ሦስቱም እዚያው አንድ ጋራ ላይ ናቸው።

ሁለተኛ ስሄድ ቸኩዬ ነበር። በአንድ ቀን ወጥቼ ልወርድ አሰብኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ራሴን አመመኝ፣ ጭጋግ ወረደ፣ አንድም አውሬ ሳላይ ተመለስኩ። በሦስተኛው ሦስት ቀን ይዤ፣ የአገሩን ሰው አስከትዬ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው የሦስት ቀን ጉዞ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ ከላይ ማደሩን አትተዉት፤ የሚቀነስ ካለ ሌላው ይቀነስ።

ወሩን መምረጥ

ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ያለውን ተዉት። ጭጋግ ነው፣ ጭቃ ነው፣ የገደል ዳር መንገዱ ያዳልጣል።

ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ያለው ጊዜ ያምራል። ጋራው ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባ ከታች ይታያል፣ ገብሱ ዘለላ ይዟል። እኔ ግን ኅዳርን እመርጣለሁ። ሰማዩ ጠርቷል። ገበሬው አጨዳ ላይ ነው፤ ነዶ ሲታሰር፣ ክምር ሲከመር፣ በሬዎች አውድማ ላይ ሲያበራዩ ታያላችሁ። ዕድል ከቀናችሁ የባቄላ እሸትም ትደርሱበታላችሁ። ብርዱን ግን አትናቁት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለከንቱ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ከላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ስትነሡ ሣሩ ነጭ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ታኅሣሥ መጨረሻ የገና ነው። ያኔ ላሊበላ በእንግዳ ይጨናነቃል። መኝታም መንገድ መሪም ማግኘት ያስቸግራል። በዓሉንም ተራራውንም ከፈለጋችሁ ከብዙ ሳምንት በፊት ያዙ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ ነው። የወሎ ደጋ በልግ ይዘራል፤ ስለዚህ ሌላው አገር ማሳው ደርቆ ሳለ እዚህ እርሻ ልታዩ ትችላላችሁ። ብቻ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ጉዟችሁን በጠዋት ጨርሱ።

ሳትነሡ የሚጠየቅ

አንደኛው ሰላም ነው። አካባቢው ባለፉት ዓመታት ብዙ አይቷል። ሳምንት ሲቀራችሁ አንዴ፣ የመነሻችሁ ዋዜማ ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ እዚያው ላሊበላ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ስለ መንገዱም ስለ ተራራውም ጠይቁ። «አሁን አይሆንም» ካላችሁ ስሙት። ተራራው የትም አይሄድም።

ሁለተኛው መንገድ መሪ ነው። አቡነ ዮሴፍ፣ ዝጊትና አቦሆይ ጋራ አንድ ላይ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ናቸው። ይህ ማለት አጥር የለውም፣ በር ላይ ትኬት የሚቆርጥም ላይኖር ይችላል፤ ባለቤቱ ግን አለ፤ እዚያው የሚያርሰውና ከብት የሚያግደው ሕዝብ ነው። ያለ አገሩ ሰው መውጣት መንገድ መሳት ብቻ ሳይሆን ሰው ቤት ሳያንኳኩ እንደ መግባት ነው። ወሎ ውስጥ ይህ ዓይነት አሠራር የቆየ ነው። በመቄት በኩል በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎች የእንግዳ ጎጆ ሠርተው ተጓዥ ያስተናግዳሉ።

ዋጋ ስትነጋገሩ ደረቅ ቁጥር ብቻ አትጠይቁ። ምን ምን ያካትታል በሉ። ምግብ አለበት? መኝታስ? የበቅሎና የበቅሎ ነጂ ለብቻ ነው? ለማኅበረሰቡ የሚከፈለው ውስጡ ነው ወይስ በተጨማሪ? አንድ ጊዜ ይህን ሳልጠይቅ ሄጄ መንገድ ላይ ክርክር ውስጥ ገባሁ። ጥፋቱ የኔም ነበር። ከላይ ባንክ የለም፤ ዝርዝር ብር ያዙ።

ላሊበላ መድረስና አንድ ቀን ማደር

በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ላሊበላ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከአየር ማረፊያው ከተማው ድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በመኪና ከሆነ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ወልድያ ከዚያ 120 ይጨምራል፤ ከወልድያ ሽቅብ ወደ ጋሸና፣ ከጋሸና ደግሞ 64 ኪሎ ሜትር ወደ ላሊበላ። ሁለት ቀን መድቡለት። ደሴ ወይም ወልድያ ማደር ነው።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ነው። ተራራው ከዚያ 1700 ሜትር ይጨምራል። ስለዚህ በደረሳችሁበት ዕለት አትውጡ። አንድ ሌሊት እደሩ። ከቆላ የመጣችሁማ ሁለት ብታድሩ ደስ ይለኛል። ለማሟሟቂያ ወደ ናኩቶ ለአብ ገዳም በእግር ሄዳችሁ ተመለሱ፤ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጫማችሁ የሚነክስ ከሆነ እዚያው ይታወቃል፣ ተራራው ላይ ከሚታወቅ ይሻላል።

ምን ይያዛል

ዋናው የሌሊት ልብስ ነው። ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ካልሲ። ጋቢ ካላችሁ ጋቢ፤ እንደ ብርድ ልብስም እንደ ትራስም ያገለግላል። ስሊፒንግ ባግ ያለው ይያዝ። የደጋው ሰው ከበግ ፀጉር የሚሠራ ባና አለው፤ ከበደ ቢሉም ብርድ አያሳልፍም። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ከፍታው ላይ ብርድ ስላለ ፀሐይ የሌለ ይመስላል እንጂ ፊት ይላጣል። ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት አትርሱ።

ጫማ ሶሉ የሚይዝ፣ ቀድሞ የተለመደ ይሁን። አዲስ ጫማ ይዞ ተራራ መውጣት ራስን መቅጣት ነው። ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ የውኃ ማከሚያ፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ የቁስል ፕላስተር። ስንቅ ደግሞ ቆሎና በሶ ይበቃል። በሶ እዚያ ሲበሉት የት እንደ በቀለ እያዩ ነው።

ቢኖኩላር ተውሳችሁም ቢሆን ያዙ። ቀይ ቀበሮን በዓይን ብቻ መፈለግ በጣም ይከብዳል። አንድ ትልቅ ባዶ ከረጢትም ጨምሩ፤ ፌስታሉም፣ የብስኩት ልጣጩም፣ የውኃ ላስቲኩም ተመልሶ የሚወርደው በእሱ ነው።

ዱላ አትግዙ። የላስታ ሰው ያለ ዱላ አይሄድም፤ መንገድ መሪያችሁ ከሰው ተውሶ ይሰጣችኋል።

አንደኛው ቀን፦ ወደ ገብሱ አገር

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። መጀመሪያ አሸተን ማርያም ናት። ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ሽቅብ ነው። ገዳሟን ንጉሥ ላሊበላ እንዳስጀመራትና ናኩቶ ለአብ እንዳስፈጸማት ይነገራል። ወደ እሷ የሚያስገባው በዓለት መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ጫማ አውልቃችሁ፣ ነጠላ ለብሳችሁ ግቡ። ብዙ ጎብኚ ከዚህ ይመለሳል። እናንተ ግን ገና መጀመራችሁ ነው።

አረማመዳችሁ ቀስ ያለ ይሁን። እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። በቅሎ የተከራየ ሰው በዳገቱ ይቀመጥ፣ በቁልቁለቱ ግን ይውረድ። ለበቅሎዋም ለሰውየውም ይሻላል።

ከዳገቱ በላይ አገሩ ይለወጣል። ወይራውና ጥዱ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በላይ ማሳ ነው። ስንዴው፣ ባቄላው፣ ምስሩ እየቀነሰ ይሄድና በመጨረሻ ገብስ ብቻ ይሆናል። ብርድ የሚችለው እሱ ነው። ድንጋይ ተለቅሞ እርከን ተሠርቷል፤ የአያት ቅድመ አያት ጉልበት ነው። በአንዳንዱ ቦታ ቁልቁለቱን ስታዩት በሬ እንዴት እንደሚቆምበት ይገርማችኋል።

እዚህ እንግዳ ብዙ የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። ማሳ መሐል አትለፉ፤ ወሰኑን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ እግር የረገጠው ገብስ ለእናንተ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለባለቤቱ ግን እንጀራ ነው። የሚያርስ ወይም የሚያጭድ ሰው ስታገኙ ዝም ብላችሁ አትለፉ። «እግዜር ያበርታ» በሉ። «አሜን፣ ያበርታችሁ» ትባላላችሁ፤ ከዚያ ወሬው ራሱ ይቀጥላል። አውድማ ካጋጠማችሁ ከዳር ቁሙ፤ ግቡ ከተባላችሁም ጫማችሁን አውልቁ። እህሉ የሚከበርበት ቦታ ነው። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ትልቅ ሰው ከሆኑ «አባባ፣ ፎቶ ላንሣዎት?» ማለት ምን ያስከፍላል?

እሸት ቢሰጧችሁ እንቢ አትበሉ። ትንሽም ቢሆን ቅመሱ። ለልጆች ግን ከረሜላና ብር አታድሉ። የሰጣችሁ መስሏችሁ ልጁን ከትምህርት ቤትና ከእረኝነቱ አውጥታችሁ መንገድ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። መርዳት ከፈለጋችሁ እንቁላል ግዙ፣ ማር ግዙ፣ ባና ግዙ።

ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ማደሪያችሁ ብትደርሱ ጥሩ ነው። ማደሪያው የእንግዳ ጎጆ ወይም ድንኳን ሊሆን ይችላል። ማገዶው በአብዛኛው ኩበት ነው፤ እንጨት ከላይ ብርቅ ነው። ስለዚህ የገላ መታጠቢያ ሙቅ ውኃ አምጡ ብላችሁ ሰው አታስጨንቁ። የጦስኝ ሻይ ይመጣላችኋል። ጦስኙ ከደጅ ነው የሚለቀመው። ረቡዕና ዓርብ ወይም ሌላ ጾም ከሆነ እንቁላልና ወተት አትጠብቁ፤ ሽሮው ግን አያሳፍርም። አስተናጋጇን «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ» በሏት፤ ደክማ የሠራችው ነው።

ያን ምሽት ከእሳቱ አጠገብ ስለ ተራራው ጠይቁ። ገብሱ ዱሮ እስከ የት ይደርስ ነበር? ቀይ ቀበሮስ የት የት ይታያል? ለነገው መንገድ ከየትኛውም ካርታ የሚበልጥ መልስ ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው ቀን፦ ወሰኑ

ሌሊት 11 ሰዓት ተነሡ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ቀኑ የሚሠራው በጠዋት ነው።

መጀመሪያ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሂዱ። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ነብርና ጅብ እንዳያገኘው። ፀሐይ ሲሞቅ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ይወጣል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ከዝንጀሮ ወገን እንዲህ ሣር ግጦ የሚኖር ሌላ የለም፤ ከአገራችንም ውጭ በዱር አይገኝም። ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ከሩቅ ታያላችሁ። ወንዱ ጋሜው እንደ አንበሳ ነው። ከሩቅ ቁጭ በሉ፣ አትሩጡ፣ አትጩሁ። ብዙ ጊዜ ራሳቸው እየጋጡ ይቀርባሉ። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ «በቃ» ማለቱ ነው፤ ወደ ኋላ በሉ። ምግብ በፍጹም አትስጡ። የሰው ምግብ የለመደ ጭላዳ ነገ ገብስ ማሳ ውስጥ ይገባል፤ ቀድሞውንም ልጆች ቀኑን ሙሉ ማሳ የሚጠብቁት ከእሱ ነው።

ከዚያ ሽቅብ ቀጥሉ። አንድ ቦታ ላይ ገብሱ ያልቅና ጓሳ ይጀምራል። እዚያ ቁሙ። ለኔ የዚህ ተራራ ዋናው ቦታ ጫፉ ሳይሆን ይህ ወሰን ነው። በአንድ በኩል ድንጋይ የተለቀመለት ማሳ፣ በሌላው ነፋስ የሚያስተኛው ሣር። ጓሳው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይሆናል። ውስጡ ደግሞ አይጥ ሞልቷል። የአይጡ መብዛት ነው ቀይ ቀበሮን እዚህ ያኖረው።

ወሰኑ ግን ቆሞ አያውቅም። ሰው በዛ፣ መሬት ጠበበ፤ ልጅ ጎጆ ሲወጣ ማሳው ትንሽ ወደ ላይ ይገፋል። ገበሬው ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ሌላ የሚሄድበት የለውም። ቀበሮውም ከዚያ በላይ የሚሸሽበት የለውም፤ ከላይ ያለው ሰማይ ነው። ጥብቅ ሥፍራው የሚያስታርቀው እነዚህን ሁለቱን ነው። ከእንግዳ የሚመጣው ገንዘብ ለቀበሌው ሰው ሲደርስ ነው ጓሳው ሳይታረስ መቆየቱ ለገበሬውም የሚያዋጣው። የምትከፍሉት ብር እዚህ ላይ ሥራ አለው።

ቀይ ቀበሮን ለማየት

በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ያሉት። አብዛኞቹ ባሌ ናቸው። ወሎ ውስጥ ከአቡነ ዮሴፍ አካባቢ ሌላ በደቡብ በቦረና ሳይንት በኩልም ይገኛሉ። ስለዚህ አንድም ብታዩ ትልቅ ነገር አይታችኋል።

ከተራው ቀበሮ ጋር አታምታቱት። ተራው ቀበሮ ግራጫና ደብዛዛ ነው። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረዥም፣ አፉ ቀጭንና ሹል ነው። ጠጉሩ እውነትም ቀይ ነው፤ ጉሮሮውና ሆዱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ወፍራምና ጥቁር። በቡድን ይኖራል፣ አደኑን ግን ለየብቻው ነው። ጠዋትና ማታ ክልላቸውን አብረው ሲዞሩ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ረፋዱ ላይ ደግሞ አንዱ ብቻውን ጆሮውን አቁሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ አይጥ ጉድጓድ ሲያደባ።

አፈላለጉ እንዲህ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ያዙ። ነፋሱ ከፊታችሁ ይምጣ። ተቀመጡ። በቢኖኩላሩ ጓሳውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ መልሳችሁ። ድንጋይ የመሰላችሁን ሁሉ ሁለት ጊዜ እዩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ማለት ሊኖርባችሁ ይችላል። እኔ ያየሁት ፈልጌው ተስፋ ቆርጬ ቆሎ ስበላ ነው። ከታጨደ ገብስ ገለባ ዳር፣ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ። አጫጆቹ ከበላዩ ቆመው ይሳሳቁ ነበር፣ እሱ ከምንም አልቆጠራቸውም። መንገድ መሪያችን ትከሻዬን ነክቶ በአገጩ ጠቆመኝ። እስካሁን ያ ገለባ ዓይኔ ላይ አለ።

ስታዩት አትከተሉት። በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግልገል የሚወለድበት ጊዜ ነው። ጉድጓድ አጠገብ ሰው ከቆመ እናቲቱ ግልገሎቿን ወደ ሌላ ቦታ ታዛውራለች፤ በዚያ ብርድ። ውሻችሁንም ወደ ተራራው አታምጡ። ቀይ ቀበሮን ከማሳው መስፋፋት እኩል የሚፈጀው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንድ ጊዜ ከገባ ቡድኑን ሊጨርሰው ይችላል። የእረኛ ውሻ ክትባት ጉዳይ ከላይ ማታ ማታ ቢነሣ ጥሩ ወሬ ነው። ጠቦት ወሰደብን የሚል እረኛ ብታገኙ አትከራከሩት። አልፎ አልፎ ይሆናል፤ ዋና ምግቡ ግን አይጥ ነው።

በዚሁ ዙሪያ ጅብራውን ታያላችሁ፤ ከሰው ቁመት በላይ የሚሆን፣ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ የሚቆም ተክል ነው። ከዓለቱ ላይ ሰስ ሊኖር ይችላል። ወደ ሰማይም እዩ፤ አጥንት ከከፍታ ዓለት ላይ ጥሎ ሰብሮ መቅኑን የሚበላው ጥንብ አንሳ በዚህ ተራራ ያንዣብባል። እሳት ግን በጓሳውም አስታ በሚባለው ቁጥቋጦም ውስጥ አታንድዱ፣ ሲጋራም አትጣሉ።

ጫፉ ላይ መውጣት የፈለገ ከእኩለ ቀን በፊት ይድረስ። ጭጋጉ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ራስ ምታትና ትንሽ ማቅለሽለሽ ከመጣ ተቀመጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ከዚያ በላይ አትውጡ። ካልተሻለው፣ ከባሰበት፣ ወይም ሰውየው መንገዳገድና መዘባረቅ ከጀመረ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ወዲያው፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ከሰው ጋር። አረቄ ብርድ ያስረሳል ብለው ቢያቀርቡላችሁ በዚያች ሌሊት ይቅርባችሁ።

ሦስተኛው ቀን፦ መውረድ

ሰው ለመውጣት ይዘጋጃል፣ የሚጎዳው ግን ሲወርድ ነው። ጉልበት ይንቀጠቀጣል። የጫማችሁን ክር ጠበቅ አድርጉ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ዱላውን ወደ ፊት ትከሉ። ቁርስ በልታችሁ 2 ሰዓት ላይ ብትነሡ ሳይመሽ ከተማ ትገባላችሁ።

ሳትወጡ ማደሪያችሁን ዞራችሁ እዩ፤ የቀረ ላስቲክ ካለ ወደ ከረጢታችሁ። ክፍያ የቀረ ካለ እዚያው፣ ሰው እያየ፣ ለሚመለከተው ስጡ። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ቦታውንና ሰዓቱን፣ ስንት እንደነበሩም ለመንገድ መሪያችሁ ንገሩት፤ ሞቶ ያገኛችሁት ካለ ደግሞ ሳትነኩት ወዲያውኑ አሳውቁት። ከተማ ስትደርሱ ዱላውን ለባለቤቱ መልሱ።